ስለ እንስሳት ሙከራ ግምገማ ጠይቃችሁኝ ነበር፤ ይኸው መልሴ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በእንስሳት ላይ የሚደረግ ጥናት ከመጀመሩ በፊት ፕሮፖዛሉን በሚመረምር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ እሠራለሁ።

ኮሚቴውም ተመራማሪ፣ አመልካቹም ተመራማሪ። ታዲያ መፈራረም ብቻ አይሆንም?

ሊሆን ይችላል፣ ስጋቱ ልክ ነው። ከውጭ ሰው የሚገባውም ለዚህ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ ሕግ በኮሚቴው ውስጥ አንድ የእንስሳት ሐኪምና ከተቋሙ ጋር ግንኙነት የሌለው ሰው እንዲኖሩ ያስገድዳል። እኛ ጋ ያለችው የውጭ አባል ሳይንቲስት አይደለችም። አንድ ቀን 40 አይጥ የጠየቀ ተመራማሪን «ለምን 40 ሆነ?» አለችው። ዝም አለ። ለካ ቁጥሩን የወሰደው ከቀድሞ ጥናት ነው። በስታቲስቲክስ አስልቶ ሲመለስ 24 በቂ ሆኖ ተገኘ። እኛ ባለሙያዎቹ ያንን ገጽ አይተን አልፈነው ነበር።

ግን ቁጥሩ ከሚበቃው ሲያንስም ጥፋት ነው። ውጤቱ አስተማማኝ ካልሆነ እነዚያ እንስሳት በከንቱ ሞቱ ማለት ነው።

ሦስቱ መርሆች የሚባሉት ምንድን ናቸው?

መተካት፣ መቀነስ፣ ማሻሻል። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 ያቀረቧቸው ናቸው። ያለ እንስሳ የሚሠራ ከሆነ ተካ፤ ካልሆነ ቁጥሩን ቀንስ፤ ስቃዩንም አቅልል።

አይጥ አትናገር፤ ህመሟን በምን ታውቃላችሁ?

በፊቷ። ዓይኗ ይጠብባል፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ጉንጯና አፍንጫዋ ያበጠ ይመስላል፣ ጺሟም ይለወጣል። በ2010 የካናዳ ተመራማሪዎች ይህንን በነጥብ መለኪያ አድርገው አሳትመውታል። ታዲያ ሰው አጠገቧ ሲቆም ህመሟን ልትደብቅ ትችላለች። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በካሜራ መከታተሉን እመርጣለሁ።

አያያዝም ቀላል ነገር አይደለም። አይጥን በጭራዋ ማንሳት ያስፈራታል። በትንሽ ቱቦ ወይም በሁለት መዳፍ ታቅፋ ስትነሳ ትረጋጋለች። ወጪው የአንድ ቱቦ ዋጋ ነው። ዛሬም በጭራ የሚያነሱ ሲያጋጥሙኝ ያናድደኛል።

ሕጉ ሁሉንም እንስሳት ይጠብቃል?

አይጠብቅም። የአሜሪካው የእንስሳት ደህንነት ሕግ ለምርምር ተብለው እንዲባዙ የተደረጉ አይጦችንና ወፎችን አያካትትም። በብዛት የምንጠቀመው አይጥ ሆኖ ሳለ ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2010 መመሪያ ግን ኦክቶፐስን ሳይቀር ያካትታል።

ለምን ጨርሶ አይቀርም?

የሚቀረው እየቀረ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳት ላይ የተሞከረ መዋቢያ እንዳይሸጥ ከ2013 ጀምሮ ከልክሏል። አንድ መድኃኒት በጉበት ከተለወጠ በኋላ ልብ ላይ ምን ያደርጋል የሚለውን ግን በብልቃጥ ያሉ ሴሎች ብቻቸውን ገና ሙሉ በሙሉ አይመልሱልንም። «ሌላ መንገድ የለም» የሚል ሁሉ ግን የት የት እንደፈለገ ማሳየት አለበት።

የመመረቂያ ፕሮፖዛሌ ተመለሰብኝ። ምን ላድርግ?

አይዞህ፣ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። መጀመሪያ «ሙከራው መቼ ይቆማል?» የሚለውን ክፍል እይ። «እንስሳዋ ስትታመም» ብቻ ብለህ ከሆነ አይበቃም። ክብደቷ በስንት በመቶ ሲቀንስ፣ በቀን ስንቴ ታይታ፣ ቅዳሜና እሁድ ማን ሊያያት? የሰውየውን ስም ጻፍ።