ስማርት ስልክ የሌለው ባለጉዳይና የሕንድ ዲጂታል ፍርድ ቤት

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። በሕንድ አቤቱታ በኢንተርኔት እንደሚቀርብና ክርክርም በቪዲዮ እንደሚሰማ መምህራችን በአድናቆት ነገሩን። ስማርት ስልክ የሌለው፣ እንግሊዝኛም የማያነብ የገጠር ባለጉዳይ ግን ከዚህ ምን ያተርፋል? ነገሩ ለጠበቃና ለከተሜ የተሠራ አይመስልም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ድሃውን የጠቀመው ለውጥ ያለው ብዙ ሰው ልብ በማይለው የመዝገብ ቤት ሥራ ውስጥ ነው።

በሥር ፍርድ ቤቶች ብቻ ከ40 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች ውሳኔ በሚጠብቁበት በዚያ አገር፣ ባለጉዳዩን ከሚያደኸዩት ነገሮች አንዱ ምልልሱ ነው፤ የዕለት ሥራውን ትቶ፣ ለአውቶቡስ ከፍሎ ይመጣና መዝገቡ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል ተብሎ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 በተጀመረው የኢ-ኮርትስ ፕሮጀክት እያንዳንዱ መዝገብ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ16 ሆሄ መለያ አለው። መለያውን በድረ ገጹ ወይም በስልክ መተግበሪያው ያስገባ ሁሉ፣ መዝገቡ በየትኛው ችሎት እንዳለ፣ ባለፈው ቀጠሮ ምን እንደተሠራና ቀጣዩ መቼ እንደሆነ ሳይከፍል ያያል። ተራ ስልክ ላለውም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይደርሰዋል፤ ይህም ለማይችለው በፍርድ ቤቶች ግቢ ኢ-ሴዋ ኬንድራ የሚባሉ የአገልግሎት ማእከላት ተከፍተዋል።

ከሁሉ ይልቅ የጥያቄዎ መልስ ያለው በአግራ ማረሚያ ቤት ታሪክ ውስጥ ይመስለኛል። ወንጀሉ ሲፈጸም ለአካለ መጠን ያልደረሱ፣ ነገር ግን ከ14 ዓመት በላይ የታሰሩ 13 እስረኞች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋስትና ቢፈቀድላቸውም፣ የተረጋገጠው የትእዛዙ ግልባጭ በፖስታ ስላልደረሰ ለቀናት ሳይፈቱ ቆዩ። የወቅቱ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኤን. ቪ. ራማና፣ በዚህ በዲጂታል ዘመን ትእዛዝ የምታደርስ ርግብ እየጠበቅን ሰማይ ሰማዩን እናያለን ሲሉ አምርረው ተናገሩ። በመጋቢት 2022 ሥራ የጀመረው ፋስተር የተባለው ሥርዓት የመጣው ከዚያ ነው፤ የተረጋገጠውን ትእዛዝ ደኅንነቱ በተጠበቀ የኤሌክትሮኒክ መስመር ለማረሚያ ቤቱ ያደርሳል። እስረኛው ኮምፒዩተር መንካት፣ ወይም ማንበብ እንኳ፣ አይጠበቅበትም።

ቋንቋን በተመለከተ ግን ጥያቄዎ አሁንም እንዳለ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 348 መሠረት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱና በመርሕ ደረጃም የየክልሎቹ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ከ2019 ጀምሮ ሱቫስ የተባለ የትርጉም ሶፍትዌር ፍርዶችን ወደ አገሬው ቋንቋዎች ቢመልስም፣ ሕጋዊ ጉልበት ያለው እንግሊዝኛው ነው።

መንግሥት በ2023 ለኢ-ኮርትስ ፕሮጀክት ሦስተኛ ምዕራፍ 72 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ ፈቅዷል፤ አሮጌ መዝገቦችን ወደ ዲጂታል መለወጥም ከሥራው አንዱ ነው። ገንዘቡ ግን ዳኛ አይጨምርም፤ ለ1 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው 21 ያህል ዳኛ ብቻ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍዎ ካሰቡት የሕንድ ፍርድ ቤቶች መዝገቦች አኃዝ በድረ ገጽ የሚታይበትን ብሔራዊ የፍትሕ መረጃ ቋት ይክፈቱ፤ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ከ10 ዓመት በላይ የቆዩትን መዝገቦች በክልል ለይተው ይዩና፣ የቪዲዮ ችሎት ምን ያህሉን እንደሚያቃልል መምህርዎን ይጠይቁልኝ።