ጾም እየጾሙ ቦርጭ ለምን ይመጣል? ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ «አጽዋማቱን ሁሉ እጾማለሁ፣ ሥጋም አላበዛም፣ ሚዛን ላይ ስወጣም ያን ያህል አልጨመርኩም፤ ታዲያ ሆዴ ብቻ ለምን ይገፋል? እንጀራ ልተው ወይ?» ብለው የጠየቁትን ሳነብ ከአራት ዓመት በፊት የነበርኩበት ሁኔታ ትዝ አለኝ። ያኔ 48 ዓመቴ ነበር፤ እጄና እግሬ ቀጭን ሆነው ሳለ የቀሚሴ ወገብ አልዘጋ ይለኝ ነበር። ለሌላ ሕመም የታዘዘልኝ አልትራሳውንድ ጉበቴ ላይ ስብ እንዳለ ሲያሳይ፣ ሐኪሟ ሚዛኑን ትታ በሜትር ወገቤን ለካችኝ፤ 97 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

እርስዎም በዚሁ ቢጀምሩ መልካም ነው። ልኬቱ የሚወሰደው ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ሆድ ሳይሳብ፣ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የጤና ስጋቱ መጨመር ይጀምራል፤ ለሴት 88፣ ለወንድ 102 ሲያልፍ ደግሞ በጣም ከፍ ይላል። በጣታችን ቆንጥጠን የምንይዘው ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ነው። የሚያሳስበው ግን ከሆድ ጡንቻ ወደ ውስጥ ገብቶ አንጀትንና ሌላውን የሆድ ዕቃ የሚከበው ስብ ነው፤ አንጀትን ከከበበው የሚለቀቀው ቅባት ወደ ጉበት በሚያመራው ደም ሥር ገብቶ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያው ጉበት ላይ ነውና።

የእኔ ቤት ችግር የተገኘው ድስቱ ውስጥ ነው። የጾም ወጥ ስለሆነ ቅባት የለውም ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን ለሽሮው የማፈሰውን ዘይት በቡና ሲኒ ስለካው ሦስት ሲኒ ሞላ፤ ይህ ወደ 180 ሚሊ ሊትር፣ በኃይል መጠኑም ወደ 1,500 ኪሎ ካሎሪ ነው። ለአምስት ሰው ቢካፈል እንኳ እያንዳንዳችን ከአንድ ወጥ ዘይት ብቻ 300 ያህል እንወስድ ነበር ማለት ነው። ያውም ዘይቱ ጠዋት ጠዋት ብርድ ሲሆን ጄሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚረጋው፣ ብዙዎቻችን በዋጋው ምክንያት የምንገዛው የፓልም ዘይት ነበር።

የዘይቱ ዓይነት ለውጥ እንደሚያመጣ ያሳመነኝ በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። 39 ወጣቶች ከወትሮ ምግባቸው በላይ ለ7 ሳምንታት ኬክ እንዲበሉ ተደረገ፤ የግማሾቹ ኬክ በፓልም ዘይት፣ የሌሎቹ በሱፍ አበባ ዘይት የተጋገረ ነበር። ሁለቱም ወገኖች በክብደት የጨመሩት ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ በጉበትና በሆድ ዕቃ ዙሪያ ይበልጥ ስብ ያከማቹት የፓልም ዘይቱን የበሉት ነበሩ። እንግዲህ ሚዛን ላይ ብዙ ሳይታይ ሆድ የሚገፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይሁን እንጂ የሱፍ አበባ ዘይትም ካሎሪው ያው ስለሆነ፣ ዓይነቱን ስቀይር መጠኑንም ለድስቱ ወደ አንድ ሲኒ አወረድኩት። ሽንኩርቱን በመጀመሪያ ያለ ዘይት ውኃ ጠብ እያደረግሁ በደንብ ስለማቁላላው ቤተሰቤ የጣዕም ልዩነት አላገኘበትም።

ሁለተኛው ስኳር ነው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር ስጠጣ ወደ 50 ግራም ይደርስ ነበር፤ በዚያ ላይ እንግዳ በመጣ ቁጥር ለስላሳ አለ። ከስኳሩ ግማሽ የሚሆነው ፍሩክቶስ በአብዛኛው የሚፈጨው ጉበት ውስጥ ነው፤ ሲበዛም ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል።

እንጀራውን ግን አይተዉ። እኔ የቀየርኩት ከወጡ ጋር ያለውን ምጣኔ ነው። ቀድሞ ሁለት እንጀራ በቀጭን ሽሮ እበላ ነበር፤ አሁን አንድ እንጀራ በወፍራም ምስር ወይም ክክ፣ ከጎኑም ዘይት ያልበዛበት ጎመን እበላለሁ። ጥራጥሬው ፕሮቲንም አሰርም (ፋይበር) ስላለው እስከ ማታ ያቆየኛል። በአሜሪካ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን ለ5 ዓመታት የተከታተለ ጥናትም፣ በቀን ተጨማሪ 10 ግራም በውኃ የሚሟሟ አሰር መመገብ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ስብ የሚከማችበት ፍጥነት በ3.7 በመቶ ከመቀነሱ ጋር ተያይዞ መገኘቱን አሳይቷል። በጾም ወቅት ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ በዳቦና በሻይ መግደፌን ትቼ፣ በባቄላ ፉል ወይም በንፍሮ እጀምራለሁ።

ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው፤ የወር አበባ መቋረጫው ሲቃረብ ስብ ከዳሌ ይልቅ ወደ ሆድ ያደላል፤ ስለዚህ ራስዎን አይውቀሱ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አመጋገብዎን ከመቀየርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። እኔ በ14 ወራት የቀነስኩት ክብደት 4 ኪሎ ብቻ ነው፤ ወገቤ ግን 88 ደርሷል። ነገ ወጥ ሲሠሩ ዘይቱን በሲኒ ይለኩትና ስንት እንደሆነ እዚሁ ይጻፉልን።