ሳሉ ሲመጣ ስለ ጨረሩ ጠይቁ

በጎጃም ጤና ጣቢያዎች ለምትሠሩ ልጆቼ፣

ጡረታ እስክወጣ የካንሰር የጨረር ሕክምና ነርስ ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ወዲህ ስለ ተልባ የማይጠይቀኝ የለም። «ሳንባን ከጨረር ይጠብቃል አሉ፣ እውነት ነው?»

ወሬው ከሜዳ አልመጣም። ጨረር ሰውነት ውስጥ ያለውን ውሃ ሲመታ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ካንሰሩን ይገድላሉ፤ ጤነኛውንም ሳንባ ያቆስላሉ። አንቲኦክሲዳንት የሚባሉ፣ ተልባም ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ያበርዷቸዋል። አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መኗቸው 10 በመቶ ተልባ የሆነ አይጦች ደረታቸውን በጨረር ሲመቱ የሳንባቸው ጉዳት ቀንሷል። ጥሩ። ግን አይጥ ናት።

በሰው ላይስ? ካናዳ ውስጥ 540 የራስና የአንገት ካንሰር ታማሚዎች የተካፈሉበት ጥናት ነበር። ለግማሾቹ አንቲኦክሲዳንት የሆነው የቫይታሚን ኢ እንክብል፣ ለአንዳንዶቹም ቤታ ካሮቲን ተጨምሮ ተሰጣቸው። የጨረሩ ቁስል ቀለል አለላቸው። እንክብሉን በሚወስዱበት ጊዜ ግን ሌላ አዲስ ካንሰር የወጣባቸው በዙ። ስለዚህ ጨረር ላይ ላለ ሰው የቫይታሚን እንክብል ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይሆንም።

እኔ ግን አንዴ አበዛሁት። አንዲት የደጀን እናት ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ለደረት የጨረር ሕክምና መጡ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩት የተልባ ዱቄትና ልጃቸው ከውጭ የላከው የቫይታሚን ብልቃጥ ይዘዋል። ሁለቱንም አስጣልኳቸው። ተልባው እኮ የጾም ምግባቸው ነው! ጨረሩ ጉሮሯቸውን አቃጥሎት እንጀራ አልወርድ ሲል እሱ ይወርድላቸው ነበር። ተቀየሙኝ መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አልነገሩኝም።

አገራቸው ከገቡ ከሁለት ወር በኋላ ደረቅ ሳል ጀመራቸው። ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ትንሽ ያተኩሳቸዋል። የሳንባ ምች ነው ተብለው ሁለት ዙር አንቲባዮቲክ ዋጡ። ጨረር ወስደው እንደሆነ የጠየቃቸው አልነበረም። እሳቸውም አልተናገሩም፤ እኔ ነኝ ዝምታ ያስተማርኳቸው።

ይህ ሳል ብዙ ጊዜ ጨረሩ ካለቀ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይመጣል። ጨረሩ ራሱ ያመጣው የሳንባ ብግነት ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። የደረት ራጅ አንሱና እዩ፤ ነጩ ቦታ ብዙውን ጊዜ ጨረሩ ያረፈበትን ድንበር ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ወደ ሐኪማቸው ላኳቸው። ሕመሙ ሲጠና ፕሬድኒሶሎን የሚባል ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ለሳምንታት ይሰጣል፤ በድንገት አይቆምም፣ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። ቲቢ ሳይጣራ ግን እንዳትጀምሩት፣ አደራ።

እኒያ እናት ተሽሏቸው ለቀጠሮ ሲመጡ ያችው ቋጠሮ በእጃቸው ነበረች።

«ይኸ ላንቺ ነው» አሉኝ። «ይኸንንም ትጥይው ይሆን?»