ጥያቄና መልስ፦ አኒሜሽንና ኮልባክ በጄኩዌሪ (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ)

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ዲቩ (የገጹ ሳጥን) በፌድአውት (ቀስ ብሎ በማደብዘዝ) ጠፍቶ ሲያልቅ አለርት (የመልእክት መስኮት) እንዲወጣ ፈልጌ ነበር ግን አለርቱ ቀድሞ ይመጣል። ፌድአውት ውስጥ "ስሎው" ብዬ፣ ኮማ፣ ከዛ አለርትን ከነቅንፉና ከነመልእክቱ ነው የጻፍኩት።

መልስ፦ ቅንፉ ነው! ስንቴ እንዳልኩት እንጃ። ኮልባክ ማለት "ስትጨርስ ይሄን አስኪድልኝ" ብለህ ፋንክሽኑን (የሚሰራውን የኮድ ክፍል) ራሱን ማቀበል ነው፣ ከስሙ ቀጥሎ ቅንፍ ከከፈትክ ግን አላቀበልከውም፣ አሁኑኑ ጠርተኸዋል። ጃቫስክሪፕት ለፌድአውት የሚሰጠውን ሁሉ አስልቶ ሳይጨርስ ፌድአውትን አይጀምርም፣ ስለዚህ አለርቱ ይወጣል፣ ኦኬ ትላለህ፣ ከዛ በኋላ ነው ዲቩ መደብዘዝ የሚጀምረው። አለርት የሚመልሰው ነገር ስለሌለ ፌድአውት እጅ የደረሰው አንዲፋይንድ (ዋጋ የለውም ማለት) ብቻ ነው። አለርቱን ስም የለሽ ፋንክሽን ውስጥ ክተተው።

ጥያቄ፦ እኔ ሴትታይምአውት (ኮድን በሰዓት አዘግይቶ የሚያስኬደውን) 600 አድርጌ ነው የምገላገለው፣ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። "ስሎው" 600 ሚሊሰከንድ መሆኑ ልክ ነው፣ ግን ኤለመንቱ (እዚህ ዲቩ) ላይ ሌላ አኒሜሽን ከቀደመ ያንተኛው ተራ ይጠብቃል፣ ሰዓትህ ግን መቁጠሩን አያቆምም።

ጥያቄ፦ የኔ አይሰራም

መልስ፦ ምኑ? ኮዱን ለጥፊ፣ ኮንሶሉ (የብራውዘሩ የስህተት መስኮት) የሚለውንም። ስሊም የሚባለውን የተቀነሰ ጄኩዌሪ ከሆነ የጫንሽው አኒሜሽን የለውም፣ ሙሉውን ጫኚ።

ሌላ አባል፦ ወገን፣ በዚህ ዘመን ጄኩዌሪ? በሲኤስኤስ (የገጽ ማስዋቢያ ቋንቋ) ትራንዚሽን ስሩት።

ሌላ አባል፦ የደንበኛ የድሮ ሳይት የምንጠግን ሰዎች አለን እኮ፣ ማን ከፍሎን እንደ አዲስ እንጽፈው?

መልስ፦ እዚህ አትከራከሩ። ትራንዚሽንም ቢሆን መሀል ላይ ዲስፕሌይ ነን (ጨርሶ እንዳይታይ) ካደረጋችሁት ትራንዚሽንኤንድ (ማለቁን የሚነግረው ምልክት) አይመጣም፣ ጠብቃችሁ ትቀራላችሁ።

ጥያቄ፦ ቅንፉን አስተካክያለሁ፣ ግን መልእክቱ ደጋግሞ ይወጣል።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ኮልባኩ የሚጠራው ለእያንዳንዱ ኤለመንት ነው። እኔ ራሴ የአንድ ሱቅ ገጽ ላይ 12 የዕቃ ካርድ አንድ ላይ አደብዝዤ "ዝርዝሩ ተሰርዟል" የሚለው 12 ጊዜ ተደርድሮ ወጥቶብኛል፣ ግማሽ ቀን ሰርቨሩን ስፈትሽ ዋልኩ። ሁሉም ካለቀ በኋላ አንዴ ብቻ እንዲሆን ከፌድአውቱ ቀጥለህ ፕሮሚስ (ሁሉም እስኪያልቅ የሚጠብቀውን)፣ ከዛ ደን (ሲያልቅ የሚጠራው) ውስጥ ፋንክሽኑን አቀብል። አንድ ካርድ ብቻ ለማጥፋት ከሆነ ግን ኮልባኩ ውስጥ "ዚስ" ያንኑ ካርድ ነው የሚይዘው፣ አሮው ፋንክሽን (በ => የሚጻፈውን) እስካልተጠቀምክ ድረስ።

ጥያቄ፦ ስላይድአፕ (ወደ ላይ አጥፎ የሚደብቀው) ላይ የራሴን ፋንክሽን ሰጥቼው ቀድሞ ይሮጣል፣ ለምን?

መልስ፦ ቅንፉ! ከላይ አንብቢ እንጂ።

ጥያቄ፦ አነበብኩ፣ ግን የደንበኛውን ስም ላቀብለው ስለምፈልግ ነው።

መልስ፦ እሱን አትይኝም ታዲያ። ስም የለሽ ፋንክሽን ክፈቺና የራስሽን ከነስሙ እዛ ውስጥ ጥሪው፣ እዛ ውስጥ ቅንፉ ልክ ነው።