«ቫይታሚን ነው፣ ምን ያመጣል?» ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የተሰጡ መልሶች

ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ቸርችል ጎዳና በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ጥቁር ፌስታል ይዘው መጡና ሦስት ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ ደረደሩ። ሦስቱም እህታቸው ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጡላቸው ናቸው። አንደኛው «ለፀጉር፣ ለቆዳና ለጥፍር» ይላል፤ ሁለተኛው መልቲቫይታሚን ነው፤ ሦስተኛው የዓሣ ጉበት ዘይት። መነጽሬን አድርጌ የጀርባቸውን ጽሑፍ አነበብኩና በደረሰኝ ጀርባ ላይ ደመርኩት፦ 10,000፣ 5,000፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ውስጥ ደግሞ 4,500 ገደማ። በየቀኑ 19,500 አይዩ (IU፣ ቫይታሚን የሚለካበት ዓለም አቀፍ አሃድ) ቫይታሚን ኤ ማለት ነው። «ታዲያ ቫይታሚን አይደል? ምን ያመጣል?» አሉኝ። ልጅ ለመውለድ እየሞከሩ እንደሆነ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ይህችን «ምን ያመጣል» የምትል ጥያቄ በየቀኑ እሰማታለሁ። ስለ ቫይታሚን ኤ የከነከናችሁን ጠይቁኝ ያልኩትም በእርሷ ምክንያት ነው። የደረሱኝ ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ለመሆኑ «ከፍተኛ መጠን» የሚባለው ስንት ነው? አንዱ ጠርሙስ በማይክሮግራም፣ ሌላው በአይዩ ይጽፋል።

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም፤ ግን ልመልስ። አዋቂ ወንድ በቀን 900፣ ሴት 700 ማይክሮግራም ይበቃቸዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ ለአዋቂ 3,000 ማይክሮግራም ነው፤ ይህም 10,000 አይዩ ይሆናል። አይዩውን በ0.3 ሲያባዙት ማይክሮግራሙን ያገኛሉ። ጣሪያው የአንድ ጠርሙስ ሳይሆን የሁሉም ድምር መሆኑን ልብ ይበሉ። እንዲሁም ሬቲኖል፣ ሬቲኒል ፓልሚቴት ወይም ሬቲኒል አሲቴት ተብሎ የተጻፈውን ይመለከታል እንጂ ቤታ ካሮቲንን አይደለም። ቤታ ካሮቲን በካሮትና በጎመን ውስጥ ያለው ነው፤ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው በሚፈልገው መጠን ነው።

ቫይታሚን ሲ ቢበዛ አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ቫይታሚን ኤ ግን በስብ የሚሟሟ ስለሆነ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ጉበት እንደ ጎተራ ነው፤ ሲሞላ ትርፉ ወደ ደም ይፈስሳል፤ ጎተራው ራሱም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። 10,000 ለትልቅ ሰው ጣሪያ ከሆነ በጤና ጣቢያ ለልጄ በአንድ ጊዜ 200,000 ሲሰጡት ምን ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጡልኝ ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው፤ ቁጥሩን ማስተያየትሽ ትክክል ነው። ልዩነቱ ያለው «በየቀኑ» እና «በየስድስት ወሩ» በሚሉት ቃላት ላይ ነው። ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን ሰማያዊው እንክብል፣ 100,000 አይዩ ይሰጣል። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለው ደግሞ ቀዩ፣ 200,000 አይዩ። ይህ የብዙ ወር ስንቅ ነው፤ ሕፃኑ ጉበቱ ውስጥ አስቀምጦ ቀስ በቀስ ይጠቀምበታል። በየቀኑ 20,000 የሚውጥ አዋቂ ግን ስንቁን ሳይጨርስ ሌላ ስንቅ ይጭናል።

አሰጣጡን አይተሽ ከሆነ፣ ነርሷ የእንክብሉን ጫፍ በመቀስ ቆርጣ ጠብታውን አፉ ውስጥ ትጨምቃለች እንጂ እንክብሉን አታስውጠውም። አንዳንድ ሕፃን በዚያ ቀን ያስመልሰዋል፤ አንዳንዱ እርግብግቢቱ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል። በምትኩ የሚገኘው ጥቅም ትልቅ ነው፤ ዳፍንትንና የዓይን ብሌን መድረቅን ይከላከላል፤ ቫይታሚኑ በሚያንስባቸው አካባቢዎችም ሕፃናት በተቅማጥና በኩፍኝ እንዳይሞቱ ያግዛል።

የምፈራው መደራረቡን ነው። ማክሰኞ በጤና ጣቢያ የወሰደ ልጅ ዓርብ በግል ክሊኒክ ሊደገምለት ይችላል። ስለዚህ የክትባት ካርዱን በሄድሽበት ሁሉ ያዢ፤ የተሰጠበት ቀን መጻፉንም ሳታዪ አትውጪ። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሲሆን ብቻ ሐኪም ሁለት ቀን በተከታታይ ያዝዛል፤ ያ ሕክምና ስለሆነ የተለየ ነው። አንድ አባት ደግሞ «ለዓይኔ» ብለው ሁለት ቀይ እንክብል እንድሸጥላቸው ጠይቀውኝ ያውቃሉ። አልሸጥኩም፤ ተቀይመውኝ ሄዱ።

ጥያቄ፦ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እናቴ ጉበት ጥብስ «ደም ይሆንሻል» እያለች በሳምንት ሦስቴ ትሠራልኛለች፤ ጓደኛዬ ክልክል ነው ትላለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እናትሽ ስለ ደሙ አልተሳሳቱም፤ ጉበት የብረት ማዕድን ሞልቶበታል። ነገር ግን 85 ግራም የተጠበሰ የበሬ ጉበት 6,500 ማይክሮግራም ገደማ ቫይታሚን ኤ አለው፤ የአዋቂ ጣሪያ እጥፍ ያልፋል። አሁን ያለሽበት ወቅት ደግሞ የፅንሱ ፊት፣ ልብና አንጎል የሚሠራበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የወጣ፣ ከ22,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት ነበር። በቀን ከ10,000 አይዩ በላይ ሬቲኖል በእንክብል ከወሰዱ እናቶች ከተወለዱት መካከል ከ57 ሕፃናት አንዱ በዚሁ ምክንያት የአካል ጉድለት እንደገጠመው ገመተ።

እስካሁን ስለበላሽው አትደንግጪ፤ ለክትትል ስትሄጂ ግን ንገሪያቸው። ከዛሬ ጀምሮ ጉበቱንም ዱለቱንም ለእናትሽ ተዪላቸው። ቀይ ሥጋ፣ ምስርና ጎመን ብዪ፤ በእርግዝና ክትትል የሚሰጥሽን የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል ሳታቋርጪ ውሰጂ። እናትሽ ካላመኑ ይዘሻቸው ነዪ፤ ከእናቶች ጋር መከራከር ለምጃለሁ።

ጥያቄ፦ ለብጉር አይሶትሬቲኖይን ታዞልኛል። ቶሎ እንዲለቀኝ ቫይታሚን ኤ ጨመርኩበት። ጥሩ አደረግኩ?

መልስ፦ የለም ወንድሜ፣ ቫይታሚኑን ዛሬውኑ ተው። አይሶትሬቲኖይን ራሱ የቫይታሚን ኤ ዘር ነው፤ ሁለቱን መደረብ መርዙን እንጂ ፈውሱን አያፋጥንም። ለብጉር የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊንም ከአይሶትሬቲኖይን ወይም ከብዙ ቫይታሚን ኤ ጋር አይሄድም፤ በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ግፊት ይጨምራል። ብርቱ ራስ ምታት ወይም ነገር ለሁለት መታየት ከመጣብህ ቀጠሮህን ሳትጠብቅ ወደ ሐኪም ሂድ። ይህን የምታነቡ እህቶች፣ አይሶትሬቲኖይን እየወሰዱ ማርገዝ ፈጽሞ አይገባም፤ ካቆሙም በኋላ አንድ ወር መጠበቅ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ በየቀኑ የካሮት ጭማቂ እጠጣለሁ። መዳፌ ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ይሆን?

መልስ፦ መስታወት ፊት ቁሙና የዓይንዎን ነጭ ይዩ። ነጭ ከሆነ ካሮቱ ነው፤ ሲቀንሱ ይለቃል። እርሱም ቢጫ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ሲጋራ አጨሳለሁ። ቤታ ካሮቲን ጉዳት የለውም ካልክ ለሳንባዬ ብወስድስ?

መልስ፦ ከምግብ የሚገኘው ጉዳት የለውም። በእንክብል ብዙ መውሰድ ግን ለአጫሽ ክፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ በወጣው የፊንላንድ ጥናት፣ በቀን 20 ሚሊግራም የወሰዱ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር ቀነሰ ሲባል ጨመረ። በአሜሪካ ተመሳሳይ ጥናት በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ለሳንባዎ ካሰቡ የሚተዉትን ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ቫይታሚን ኤ ብወስድ መነጽሬን እጥላለሁ?

መልስ፦ አይጥሉም። ቫይታሚኑ አንሶት ማታ ማየት ላቃተው ሰው ነው እንጂ የራቀውን ጽሑፍ አያቀርብም።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾምን ሙሉ እጾማለሁ። ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። እጥረት እንዳይዘኝ እንክብል ልውሰድ?

መልስ፦ ጤነኛ አዋቂ ከሆኑ ጉበትዎ ያጠራቀመው ለሁለት ወር አያንስዎትም። ደግሞም የጾም ገበታ ባዶ አይደለም፤ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ አለ። ጎመኑን በዘይት ይሥሩት፤ ያለ ስብ ካሮቲኑ በሚገባ አይሰርግም። ጉበት ያመመው ወይም አረቄ የሚያበዛ ሰው ግን የበለጠ ይጠንቀቅ፤ እንዲህ ያለ ጉበት በትንሹም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጄ እንደ ከረሜላ የሚጣፍጠውን ቫይታሚን ግማሽ ጠርሙስ በላች። ወተት አጠጣኋት። በቂ ነው?

መልስ፦ በቂ አይደለም። ይህን ሲያነቡ ገና ካልወሰዷት አሁን ተነሡ፤ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ለማስመለስ አይሞክሩ። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚባለው እዚህ አይሠራም። እውነቱን ለመናገር ከቫይታሚን ኤው ይልቅ አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ብረት ያሰጋኛል፤ ለሕፃን ብረት በአንድ ቀን አደገኛ ነው። ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ጠርሙሱ ላይ ያለውን ነውና እንዳይረሱት።

ጥያቄ፦ ለወራት 25,000 ስወስድ ነበር። እንደጎዳኝ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ቆዳ ይደርቃል፣ ፀጉር ይረግፋል፣ አጥንትና መገጣጠሚያ ያምማል፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመላለሳል። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ሰው ፀጉሩ ሲረግፍ «ቫይታሚን አነሰኝ» ብሎ ይጨምራል። እርስዎ ያቁሙና የጉበት ምርመራ ያድርጉ። አብዛኛው ምልክት ሲያቆሙ ይመለሳል፤ ጉበቱ ክፉኛ ከቆሰለ ግን ላይመለስ ይችላል።

ጥያቄ፦ የፌስታሏ ሴትዮ ምን ሆኑ?

መልስ፦ ሦስቱንም ተዉና ፎሊክ አሲድ ገዝተው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ተመልሰው «ከሚጣል ለእናቴ ልላክላቸው?» አሉኝ። እናታቸው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የበዛ ሬቲኖል በሸመገሉ ሴቶች ላይ ከዳሌ አጥንት ስብራት ጋር ተያይዞ እንደታየ ነገርኳቸው። ጠርሙሶቹን ባንኮኒው ላይ ትተው ሄዱ፤ እንዲወገዱ ከጊዜ ያለፈባቸው መድኃኒቶች ካርቶን ውስጥ ጨመርኳቸው።