«ተበላሸ» በእንግሊዝኛ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። እኛ «ተበላሸ» ወይም «ጠፋ» ብለን የምንገላገለውን ነገር እንግሊዝኛ ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል። የእኛ ሰው ደግሞ «ዴስትሮይ»ን ይወዳል። ለእሳትና ለጦርነት ቢተውለት ደስ ይለኝ ነበር። በየተራ እንያቸው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ መኪናዬ ሀይዌይ ላይ ቀጥ አለችብኝ። ኢንሹራንስ ደውዬ «ማይ ካር ኢዝ ዴስትሮይድ» ስላቸው «የተጎዳ ሰው አለ ወይ?» እያሉ አዋከቡኝ። ምን ማለት ነበረብኝ?

አይፈረድባቸውም ወንድሜ። እነሱ የታያቸው ተጨፍልቆ ወይም ተቃጥሎ የቀረ መኪና ነው። ሞተሩ እምቢ ብሎ ከቆመ «ኢት ብሮክ ዳውን» ይባላል፤ በቃ። ተጋጭቶ በሩ ከተጎዳ «ዳሜጅድ» ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሊጠገን ለሚችል ነገር ይሆናል። ግጭቱ ክፉ ከሆነ «ሬክድ» ይላሉ። ስትጽፈው መጀመሪያው ላይ ደብሊው አለች፤ ስታነበው ግን ዝለላት።

አሜሪካ ውስጥ ከነዚህ ሁሉ የምትከብደው «ቶታልድ» ናት። ይህቺ የሒሳብ ቃል ናት። የማሠሪያው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ አያዋጣም ከተባለ መኪናው ቶታልድ ነው። ወሰኑ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ስለዚህ ያረጀ ኮሮላ ሞተሩ እየሠራ፣ ጎኑ ብቻ ተጎድቶ ቶታልድ ሊባል ይችላል። ብዙ ሰው «መኪናዬ እኮ ይነዳል!» ብሎ የሚጨቃጨቀው እዚህ ላይ ነው። መነዳቱን ማንም አልካደም፤ የሚያወሩት ስለ ብር ነው። እንግሊዞች ለዚሁ «ራይት ኦፍ» ይላሉ።

ከሲያትል፦ አከራዬ ግድግዳው ተጎድቷል ብሎ ዲፖዚቴን ቆረጠብኝ። መልስ ስጽፍለት «ዳሜጅ» ልበል ወይስ «ዳሜጅስ»?

«ዳሜጅ» በል። ጉዳቱ አሥር ቦታ ቢሆንም ኤስ አይጨመርበትም። «ዳሜጅስ» በሕግ ቋንቋ ፍርድ ቤት የሚያስከፍለው ካሳ ነው። ሳታውቀው ካሳ የምትጠይቅ እንዳትመስል። ይልቅ ለአንተ የሚጠቅምህ ሌላ አባባል አለ፦ «ኖርማል ዌር ኤንድ ቴር»። ሰው ሲኖርበት በራሱ ጊዜ የሚመጣ ማርጀት ማለት ነው፦ የደበዘዘ ቀለም፣ የሳሳ ምንጣፍ። ለዚህ ዓይነቱ በአብዛኛው ዲፖዚት አይቆረጥም። ውልህንና የስቴትህን ሕግ አይተህ ጻፍለት።

እግረ መንገዴን፣ ሰው ሲጎዳ «ኸርት» ወይም «ኢንጀርድ» እንጂ «ዳሜጅድ» አይባልም። ጉበት ወይም ሳንባ ግን ይባላል።

ከዱባይ፦ የምሠራበት ቤት ማዳም «ዶንት ስፖይል ዘ ቤቢ» አለችኝ። ልጁን አበላሸሽው ማለቷ ነው? በጣም ተከፋሁ።

አይክፋሽ እህቴ። «አታሞላቅቂው» ነው ያለችሽ። ባለቀሰ ቁጥር አታቅፊው፣ የጠየቀውን ሁሉ አትስጪው ለማለት ነው። ምግብ ሲሆን ግን ስፖይል እውነትም መበላሸት ነው። ለወተት «ጎን ባድ» ብትዪም ያስኬዳል፤ ለእንቁላልና ለሥጋ «ሮተን» አለ። ፊልሙን ሳታዪ መጨረሻውን የሚነግርሽ ሰው ደግሞ «ስፖይለር» ሰጠሽ ይባላል። እሱን መቀየም ትችያለሽ።

ከአዲስ አበባ፦ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። «ቤቶቹ ፈረሱ» የሚለውን «ዴስትሮይድ» ብዬ ብጽፍ አለቃዬ «ዲሞሊሽድ» ብሎ አረመኝ። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው?

አዎ፣ ነው። «ዲሞሊሽ» ታስቦበት፣ አብዛኛውን ጊዜም በማሽን የሚደረግ ማፍረስ ነው። ፒያሳ ላይ ለኮሪደር ልማት የፈረሱት ቤቶች ዲሞሊሽድ ናቸው። ቃጠሎ ወይም ቦምብ ሲያወድመው «ዴስትሮይድ» ይሆናል። ማንም ሳይነካው በራሱ ከተናደ «ኮላፕስድ» በል። አማርኛው «ፈረሱ» ብሎ አፍራሹን ሳይነግርህ ያልፋል። እንግሊዝኛው ግን ያስመርጥሃል፤ በተለይ ዜና ስትተረጉም መጀመሪያ ማን እንዳፈረሰው አጣራ። በአለቃህ እስማማለሁ።

ከባሕር ዳር፦ «ዴሲሜት» ማለት ሙሉ በሙሉ መደምሰስ ነው?

አይደለም። ቃሉ የመጣው ከሮማ ሠራዊት ቅጣት ነው፤ ካጠፋ ጓድ ውስጥ ከ10 አንዱን በዕጣ መግደል። ዛሬ «አብዛኛውን ፈጀ» ለማለት ይውላል። ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ዕቃ አትጠቀምበት።

ከለንደን፦ የሥራ ባልደረባዬ ቡድኗ ሲሸነፍ «አይም ገተድ» አለች። ምን ሆነች?

አንጀቷ ቁርጥ አለ። ቃሉ ሆድ ዕቃን ከማውጣት የመጣ ነው። የእንግሊዞች ወሬ ነው እንጂ አሜሪካ ብዙም አትሰማውም። እዚያ «ዲቫስቴትድ» ይላሉ፤ እሱ ግን ለኳስ ይከብዳል፣ ለሐዘን ይሻላል። ሕንፃ «ገተድ» ከተባለ ደግሞ ውስጡ ተቃጥሎ ግድግዳው ቀርቷል ማለት ነው።

ከቶሮንቶ፦ አንድ የቢሮ ሰነድ በስህተት ከኮምፒውተር አጠፋሁ። ለአለቃዬ «አይ ዴስትሮይድ ዘ ፋይል» ብዬ ልጻፍ?

ኧረ በፍጹም! ሰነድ ዴስትሮይ አደረግኩ ማለት ሆን ብዬ አስወገድኩት ማለት ነው። ማስረጃ የምታጠፋ ትመስላለህ። «አይ ዲሊትድ ዘ ፋይል ባይ ሚስቴክ» በለው። ከዚያ በፊት ግን ሪሳይክል ቢን ውስጥ እይ።