መልስ፦ የ10 ወር ልጄ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ትከታለች፣ ትወረውራለች

እህቴ፣ ልቆጣት ወይስ ልተዋት፣ ምን መጫወቻስ ልግዛላት ብለሽ ጠይቀሻል። ኧረ አትቆጫት! በዚህ ዕድሜ መማር ማለት ይኸው ነው። ከንፈርና ምላሷ እንደ ጣቶቿ መዳሰሻዎቿ ናቸው። ማንኪያ ስትጥል ፊቷን ልብ ብለሽ እዪ፦ ድምፁን ታዳምጣለች፣ ጎንበስ ብላ የት እንደገባ ትፈልጋለች፣ ከዚያ ቀና ብላ አንቺን ታያለች። አንስተሽ ስትሰጫት መልሳ ትጥለዋለች። መማሪያዋ ያ መደጋገሙ ነው፤ እኔ ብሆን አሥር ጊዜም አነሳላታለሁ።

መጫወቻ መግዛት ግድ አይደለም። ድስት ከነክዳኑ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃታል። ማንኪያውን በጨርቁ ሸፍኚውና ራሷ ትግለጠው፤ ከዓይን የተሰወረ ነገር እንዳልጠፋ የምትረዳበት ጊዜ ነው። የያዘችውን ስሙን እየጠራሽ አጫውቻት።

ስልክ ይቅርባት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ1 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመክርም።

አደራ የምልሽ፣ በሶፍት ጥቅል ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ሊያንቃት ስለሚችል ከአጠገቧ ይራቅ። ትንሿን ክብ ባትሪ ደግሞ ውጣ ይሆናል ብለሽ ከጠረጠርሽ እንኳ አትጠብቂ፤ በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧዋን ልታቃጥል ስለምትችል ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰጃት።